ሰሚት ፖይንት ላይ የመጀመሪያ ትራክ ዴይ፦ መኪናውም ሹፌሩም እንዴት ይዘጋጃሉ

ዌስት ቨርጂኒያ ያለው ሰሚት ፖይንት የሚባለው የመኪና መወዳደሪያ ቦታ ከዲሲ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ቢያስነዳ ነው፣ ለዚህ አካባቢ ሀበሻ ስፖርት መኪና ወዳዶች በጣም የሚመች ቦታ ነው። በ1970 የተከፈተ ሲሆን ዋናው ትራክ 3.2 ኪሎ ሜትርና 10 ኩርባ አለው፣ ጄፈርሰንና ሸናንዶዋ የሚባሉ ሌሎች ትራኮችም ግቢው ውስጥ አሉ። የቢኤምደብሊውና የፖርሽ ክለቦችን ጨምሮ ብዙ ክለቦች እየተከራዩ ትራክ ዴይ፣ ማለትም ሰው የራሱን መኪና ይዞ ትራክ ላይ የሚነዳበት ቀን፣ ያዘጋጁበታል። ይሄ ውድድር አይደለም፣ ጀማሪ ከጎኑ አስተማሪ ተቀምጦለት ቀኑን ሙሉ ሃያ ምናምን ደቂቃ እየነዳ እየወጣ ይማራል፣ መቅደም የሚቻለውም ቀጥታው ላይ ብቻ ሆኖ ፊት ያለው ሰው በእጁ እለፍ ሲልህ ነው።

ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ፈረስ ጉልበት ነው ግን እኔን ብትጠይቁኝ መጀመሪያ መታየት ያለበት ፍሬን ነው። በረጅሙ ቀጥታ እየበረርክ መጥተህ ለመጀመሪያዋ ኩርባ በኃይል ትይዛለህ፣ ይሄ በየዙሩ ሲደጋገም ፍሬኑ ይግላል። ፍሬን ዘይት ደግሞ እየቆየ ከአየር እርጥበት ይስባል፣ ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት ዓይነት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት፣ ውሃ ከገባበት በኋላ ግን የሚጠበቅበት 155 ብቻ ነው። ከፈላ አረፋ ይፈጥራል፣ አረፋ ደግሞ ስትረግጠው ይታመቃል፣ ፔዳሉ ዝም ብሎ ወለል ይነካል። ስለዚህ ከቀኑ በፊት ዘይቱን አስቀይሩ፣ የፍሬን ሸራው ውፍረትም ይታይ፣ መኪናው አዲስ ነው ብላችሁ አትለፉት እባካችሁ።

ጎማ ሲግል ግፊቱ ይጨምራል፣ ስለዚህ ነድታችሁ ከትራኩ በወጣችሁ ቁጥር ለኩና የበዛውን አስተንፍሱ። የቸርኬ ብሎኖች በፋብሪካው ልክ ይጥበቁ፣ ሞተር ዘይትም ይታይ፣ ነዳጅ ደግሞ ከግማሽ በታች አይሁን ምክንያቱም ኩርባ ላይ ወደ ጎን ስለሚሸሽ አንዳንድ መኪና ይቋረጥበታል። የወለል ምንጣፍ፣ ቻርጀር፣ የውሃ ጠርሙስ፣ ሁሉም ይውጣ፣ ፔዳል ስር የተንከባለለ ጠርሙስ ቀልድ አይደለም።

ሄልሜት ብዙ ቦታ ስኔል ኤስኤ የሚል ምልክት ያለው (ለመኪና ውድድር የተፈተነ ማለት ነው) ይፈልጋሉ፣ ኤም የሚለውን የሞተር ሳይክል ሄልሜት የማይቀበሉ አሉ፣ መኪናችሁ ጣሪያው የሚከፈት ከሆነም ስለ መገልበጥ መከላከያው ደንብ ቀድማችሁ ጠይቁ። ኢንሹራንስም እንደዛው፣ ብዙ መደበኛ ውል ትራክ ላይ የደረሰን ጉዳት አይሸፍንም፣ ለቀኑ ብቻ የሚገዛ አለ።

ጠዋት የሹፌሮች ስብሰባ አያምልጣችሁ፣ ባንዲራዎቹ እዛ ይብራራሉ፦ ቢጫ ፊት ለፊት ችግር አለ ቀስ በል ነው፣ ጥቁር ለአንተ ከታየህ ውጣ ነው። የመጨረሻውን ዙር ፍሬን ብዙም ሳትይዙ ቀስ ብላችሁ አቀዝቅዙት፣ ስታቆሙ የእጅ ፍሬን አትሳቡ፣ የጋለው ሸራ ዲስኩ ላይ ይጣበቃል፣ ማርሽ ውስጥ አስገብታችሁ ጎማ ስር ታኮ አድርጉ። ወደ ቤት ከመነሳታችሁ በፊት ብሎኖቹ እንደገና ይፈተሹ።