የእናቶች ጤና ምርምርና የማህበረሰቡ ድርሻ

አሳታፊ የእናቶች ጤና ምርምር የሚባለው እናቶችና በዙሪያቸው ያሉ ሰዎች መጠይቅ ከመሙላት አልፈው ከባለሙያው ጋር አብረው የሚያጠኑበት አሠራር ነው። ምን ይጠና፣ ውጤቱስ ምን ላይ ይዋል የሚለውን በጋራ ይወስናሉ። በዙሪያቸው ያሉ ሲባል ባል፣ አማት፣ የልምድ አዋላጅ፣ አዋላጅ ነርስ፣ የሃይማኖት አባትና የአካባቢ አስተዳደር ሁሉ አሉበት። ምጥ የያዛትን ሴት በሌሊት የሚያደርሰው ሹፌርም አይቀርም።

ይህ ሁሉ ሰው ለምን አስፈለገ? በ1994 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የታተመው የ“ሦስቱ መዘግየቶች” ትንታኔ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። እናት የምትሞተው ለመሄድ ሲወሰን፣ መንገድ ላይ ወይም ጤና ተቋም ከደረሰች በኋላ በሚባክን ጊዜ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ሐኪም ክፍሉ ተቀምጦ አያያቸውም። የሚያውቃቸው የሰፈሩ ሰው ነው።

ከቀደምት ሥራዎች አንዱ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በቦሊቪያ ኢንኪሲቪ የተካሄደው “ዋርሚ” ነው። ስሙ በአገሬው ቋንቋ “ሴት” ማለት ነው።

የናሙናነቱን ቦታ የያዘው ግን የኔፓሉ የማክዋንፑር ጥናት ነው፤ ቢወራለትም አይበዛበትም። የአካባቢው ተወላጅ የሆነች ሴት በየወሩ 9 የሴቶች ቡድኖችን ታወያያለች። የጤና ባለሙያ አይደለችም። ቡድኖቹ በሥዕል ካርዶች እየታገዙ ችግራቸውን ይለያሉ፣ መላ ይመታሉ፣ ይሞክሩታል፣ መልሰው ይገመግሙታል። መላው የመጣው ከራሳቸው ነው። አንዳንዱ ገንዘብ አዋጣ፣ አንዳንዱ የወሳንሳ (የቃሬዛ) አገልግሎት አደራጀ፣ አንዳንዱ ንጹህ የመውለጃ ዕቃ አዳረሰ። ውጤቱ በ2004 ሲታተም ቡድኖቹ ባሉበት በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 26ቱ፣ በሌሉበት ደግሞ 37ቱ በመጀመሪያው ወር ሞተው ተገኙ። ቡድኖቹ ባሉበት 2 እናቶች፣ በሌሉበት ደግሞ 11 ሞቱ። ጥናቱ በዋናነት የታቀደው ለአራስ ሕፃናት ሞት ስለሆነና ቁጥሩም ትንሽ ስለሆነ ይህንን ጠንቀቅ ብሎ መጥቀስ ይሻላል።

እንዲህ ያሉ ቡድኖችን የሞከረው፣ በ2010 የወጣው የባንግላዴሽ ጥናት ለውጥ አላገኘም። ተቺዎች ይህንን ደጋግመው ያነሱታል። ነገር ግን ያኔ 1 ቡድን የተመደበው ለ1,400 ያህል ሰው ነበር። ቁጥሩ ወደ 300 ገደማ ዝቅ ሲል የአራስ ሕፃናት ሞት በ38% ቀነሰ። በ2013 የ7 ጥናቶች ድምር ትንታኔም ቢያንስ 30% የሚሆኑት ነፍሰ ጡሮች በተሳተፉባቸው ቦታዎች የአራስ ሕፃናት ሞት በ33% ያነሰ መሆኑን አሳየ። በቀጣዩ ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት በእንዲህ ያሉ የሴቶች ቡድኖች እንዲሠራ መከረ።

በሀብታም አገሮች ጉዳዩ በአብዛኛው የምርምር ጥያቄ ከመምረጥ ጋር ይያያዛል። የብሪታንያው የጄምስ ሊንድ ጥምረት ከ2004 ጀምሮ ታካሚዎችንና ሐኪሞችን በአንድ ጠረጴዛ ያስቀምጣል፤ ያለጊዜ መወለድም ከርዕሶቹ አንዱ ነበር።

እውነተኛ ተሳትፎ የቱ ነው የሚለው ዛሬም ያከራክራል። አሜሪካዊቷ ሼሪ አርንስታይን በ1969 ባወጣችው ባለ 8 ደረጃ የዜጎች ተሳትፎ መሰላል ላይ መጠየቅና ማማከር መሃል ላይ ናቸው፤ ሥልጣን የሚጀምረው ከነሱ በላይ ነው። ብዙ ጥናት ከመሃል አያልፍም። ተሳታፊዎቹ ስለ ጊዜያቸው ይከፈላቸው ወይ የሚለውም አለ። ይከፈላቸዋል እንጂ፣ ተመራማሪው ደሞዝ እየበላ!

የስብሰባው አቀማመጥም ቀላል ነገር አይደለም። አማት ባለችበት ምራት ዝም ትላለች፣ የጤና ሠራተኛው ባለበት ደግሞ ስለ ስድቡና ማመናጨቁ የሚያወራ አይገኝም። ስለዚህ በመጀመሪያ እያንዳንዱ ወገን ለብቻው ይነጋገራል። የሁሉም ጉዳይ ማን እንደተናገረው ሳይገለጽ ወደ ጋራው ጉባኤ ይቀርባል።