«አይነሱ፣ እኔ አመጣለሁ»፦ አረጋውያንን ስለሚጥሉ የተሳሳቱ አመለካከቶች

«እርጅና ብቻህን ና» ቢባልም ብቻውን አይመጣም። አብረውት ከሚመጡት መካከል መውደቅን ግን ብዙ ጊዜ በሩን ከፍተን የምናስገባው እኛው ነን። እማማ ውኃ ሊቀዱ ብድግ ሲሉ «አይነሱ፣ እኔ አመጣለሁ»፤ ጀበና ሊያነሱ ሲሉ «ይተዉት»፤ ደረጃ ሊወጡ ሲሉ ብብታቸው ሥር ገብቶ ማንጠልጠል። አክብሮት መሆኑ አይጠፋንም፤ ግን ሰለቸን።

«ከተቀመጡ አይወድቁም»

ይወድቃሉ። ከመቀመጫ የሚያነሳን የጭን ፊት ጡንቻና የመቀመጫ ጡንቻ ነው፤ ሥራ ከፈታ በሳምንታት ውስጥ ይሟሽሻል። በእርጅና ይበልጥ የሚጎዳው ደግሞ ስንደናቀፍ እግራችንን ፈጥኖ ወደፊት የሚወረውርልን የጡንቻው ክፍል ነው። አማርኛ መገጣጠሚያውንም ኃይሉንም «ጉልበት» ማለቱ በከንቱ አይደለም። እናም ቀኑን ተቀምጠው የዋሉት እናት ሌሊት ለሽንት ሲነሱ ይወድቃሉ፤ ሲያስቀምጣቸው የዋለው ልጅ በዚያ ሰዓት ተኝቷል። አሜሪካ ልጆቻቸው ዘንድ ሄደው ሶፋ ላይ በሚከርሙ ወላጆች ላይ ይብሳል፤ አገር ቤት ቢያንስ ከበርጩማ መነሳት ነበረባቸው።

መፍትሔው ወንበር ነው። ጎማ የሌለው፣ ጀርባው ግድግዳ የነካ፣ መቀመጫው 45 ሴንቲሜትር ገደማ ከፍ ያለ። ወደ ጫፉ ጠጋ ብሎ እግርን በዳሌ ስፋት መክፈት፤ ተረከዝን ከጉልበት ትንሽ ወደኋላ መሳብ፤ አፍንጫ ከእግር ጣቶች በላይ እስኪደርስ ማጎንበስ፤ ከዚያ መነሳት። ብዙዎች የሚያቅታቸው ሳያጎነብሱ ቀጥ ብለው ለመነሳት ስለሚታገሉ ነው፤ ክብደታቸው ከኋላ ይቀርና መልሶ ያስቀምጣቸዋል። ሲቀመጡ ሦስት እየቆጠሩ በዝግታ እንጂ ዘጭ ማለት የለም፤ ጡንቻው ሲወርድም ይሠራል። 10 ጊዜ፣ ትንሽ ዕረፍት፣ ድጋሚ 10፤ በሳምንት 3 ቀን። ትንፋሽ እንዳይታፈን ጮክ ብሎ መቁጠር ነው። ጉልበት የሚያም ከሆነ ጋቢ አጣጥፎ መቀመጫውን ከፍ ማድረግ። መጀመሪያ በሁለት እጅ ተደግፎ፣ ቀጥሎ በአንድ፣ በመጨረሻ እጅን ደረት ላይ አጣምሮ።

መለኪያም አለው፦ እጅ ሳይጠቀሙ በ30 ሰከንድ ስንት ጊዜ ይነሳሉ? ከ70 እስከ 74 ዓመት ያለች ሴት ከ10 በታች፣ ወንድ ከ12 በታች ከሆነ ስጋት አለ።

«በየቀኑ ቤተ ክርስቲያን በእግሯ ትሄዳለች፤ ይበቃታል»

አይበቃትም። መራመድ ለልብ መልካም ነው፤ ሚዛንን ግን ብዙም አይፈትንም። ሰው ዞር ሲል፣ ከመደርደሪያ ዕቃ ሲያወርድ፣ ከወንበር ሲነሳም ይወድቃል። ስለዚህ ከማይነቃነቅ ጠረጴዛ አጠገብ ቆሞ መለማመድ ያስፈልጋል፦ እግርን አጣብቆ 10 ሰከንድ፤ አንዱን እግር ግማሽ እርምጃ አስቀድሞ 10 ሰከንድ፤ ተረከዝን ከሌላው እግር ጣት ጋር በአንድ መስመር አገናኝቶ 10 ሰከንድ፤ ከዚያ በአንድ እግር። አንዱ ሳይቀል ወደሚቀጥለው አይታለፍ። ጠረጴዛውን አንቆ የሚይዝ ሰው ሚዛን አይለማመድም፤ ሥራውን የያዘው ጠረጴዛው ነው። ጣት ማስነካት ይበቃል። በዚያው ቆሞ ተረከዝ ማንሳት 10 ጊዜ፣ እግርን ወደ ጎን መክፈት በየተራ 10 ጊዜ፤ ጣቶች ወደፊት እያዩ፣ ወገብ ሳይዘነበል። ከተዘነበለ የዳሌው ጎን ጡንቻ ሥራውን ለወገብ አሳልፎ ሰጠ ማለት ነው።

ኒውዚላንድ ውስጥ የተቀረጸው የኦታጎ ፕሮግራም ከዚህ ብዙም አይርቅም፦ ቤት ውስጥ በሳምንት 3 ቀን የእግር ጥንካሬና የሚዛን ልምምድ፣ በዚያ ላይ የእግር ጉዞ። መውደቅን በ35 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ጉዞው ተጨማሪ እንጂ ምትክ አልነበረም።

«በዘጠና ዓመት ምን ስፖርት!»

ቦስተን ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመ ጥናት፣ ዕድሜያቸው በአማካይ 90 የሆነ አረጋውያን ለ8 ሳምንት ክብደት አንስተው የጭናቸው ኃይል ከእጥፍ በላይ ጨምሯል።

«አዳልጦኝ እንጂ አልወደቅሁም»

መሬት ከደረሱ ወድቀዋል። አንዴ የወደቀ ሰው የመድገም ዕድሉ ይጨምራልና ይነገር።

«አጥንቷ እንዲጠነክር ወተት ትጠጣ»

ትጠጣ። ወተት ግን አይደግፋትም።

«ከዘራ በሚያመው እግር በኩል ይያዛል»

በተቃራኒው፤ ቀኝ ጉልበት ካመመ በግራ እጅ። እጅ ወደ ታች ሲንጠለጠል የከዘራው እጀታ አንጓ ላይ መድረስ አለበት፤ ጫፉ ላይ ያለው ጎማ ሲያልቅ ይቀየር።

«ያዞራቸዋል፤ ዕድሜ ነው»

ብዙ ጊዜ ኪኒን ነው። ለጭንቀትና ለእንቅልፍ የሚሰጠው ዲያዜፓም፣ ለድብርት የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን፣ ከልክ ያለፈ የግፊት መድኃኒት። ጋደም ብለው ግፊታቸው ይለካ፤ ከቆሙ በኋላም በ3 ደቂቃ ውስጥ ይደገም፤ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ መድኃኒቶቹን በሙሉ በፌስታል ይዞ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። በራስ ውሳኔ ማቋረጥ ግን አይቻልም። እስከዚያው ከአልጋ ሲነሱ መጀመሪያ ጫፉ ላይ ቁጭ ብለው ቁርጭምጭሚታቸውን 10 ጊዜ ወደላይና ወደታች ያንቀሳቅሱ፤ ካላዞራቸው ይቁሙ።