ድራይቨሩን ቢልት-ኢን ስላደረጋችሁት ላፕቶፑ አይፈጥንም

ጅማ ውስጥ ሊኑክስ የሚነካካ ተማሪ በዝቷል፤ ደስ ይለኛል። ከርነሉን (የሊኑክስን እምብርት) በራሱ ኮምፓይል ማድረግ፣ ማለት ከምንጭ ኮዱ መሥራት የጀመረ ሁሉ ግን አንድ ወሬ ይዞ ይመጣል። «ድራይቨሮቹን በሙሉ ቢልት-ኢን አደረግኳቸው፣ አሁን ይፈጥናል።» ኧረ አይፈጥንም! ሰለቸኝ።

ድራይቨር ከርነሉ ዕቃዎችን የሚያናግርበት ኮድ ነው፤ ቢልት-ኢን ሲሆን ከርነሉ ፋይል ውስጥ አብሮ ይገባል፣ ሞጁል ሲሆን ደግሞ ለብቻው ፋይል ሆኖ ተቀምጦ ሲያስፈልግ ይጫናል። ሞጁል አንዴ ከተጫነ የከርነሉ አካል ነው። እዚያው የከርነሉ ሚሞሪ ውስጥ ይሠራል፣ ሥልጣኑም ቢልት-ኢን ከሆነው እኩል ነው፣ መሃል ላይ ቆሞ የሚያዘገየው ነገር የለም። ሚሞሪ ላይ በሚቀመጥበት መንገድ ትንሽ ልዩነት አለ፤ ላፕቶፕ ላይ ማንም አያውቀውም። ማሽናችሁ ብዙ ጊዜ የሚንቀራፈፈው ዲስኩ አሮጌ ስለሆነ ወይም ራሙ ስላነሰ ነው።

ጭራሽ ነገር ሊያበላሽም ይችላል። ከኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ አንድ ልጅ ላፕቶፑን ይዞልኝ መጣ። ካርዱ ኢንቴል ነው፣ ዋይፋዩ ግን ድራሹ ጠፍቷል። የከርነሉን ሎግ ስንከፍት «ፈርምዌር መጫን አልተቻለም፣ ስህተት -2» የሚል መስመር አገኘን። ፈርምዌር ካርዱ ራሱ ውስጥ የሚሠራ ፕሮግራም ነው፤ -2 ማለት ደግሞ ፋይሉ የለም ማለት ነው። ፋይሉ ግን የፈርምዌር ፎልደሩ ውስጥ ቁጭ ብሏል! ምክንያቱ ይኸው ነው፦ ድራይቨሩ ቢልት-ኢን ስለሆነ ሩት ፋይል ሲስተሙ (የሲስተሙ ፋይሎች ያሉበት ዋናው ክፍል) ገና ማውንት ሳይደረግ፣ ማለት ሳይከፈት፣ ካርዱን ቀሰቀሰና ፈርምዌሩን ጠየቀ፣ በዚያ ሰዓት ደግሞ ከርነሉ ፎልደሩን የሚያይበት መንገድ አልነበረውም። ድራይቨሩን ወደ ሞጁል ቀይረን እንደገና ኮምፓይል አደረግነው። ሲነሳ ዋይፋዩ መጣ። እርግጥ ፈርምዌሩንም ከርነሉ ውስጥ መክተት ይቻላል፤ ግን ፈርምዌር በተሻሻለ ቁጥር ከርነል መሥራት ምን የሚሉት ጣጣ ነው?

«እንግዲያው ሁሉንም ሞጁል ላድርጋቸው» የሚልም አለ። ይሄም ልክ አይደለም። የዲስኩ ድራይቨርና የፋይል ሲስተሙ ሞጁል ከሆኑ የሚቀመጡት እዚያው ሊከፈት ባለው ዲስክ ላይ ነው። ኢኒትራምኤፍኤስ (ማሽኑ ሲነሳ መጀመሪያ ራም ላይ የሚጫን፣ አስፈላጊ ሞጁሎችን የያዘ ትንሽ ፋይል ሲስተም) ከሌላችሁ ከርነሉ ሩትን ማውንት ማድረግ አቅቶት ፓኒክ ያደርጋል፣ ማለት ቀጥ ብሎ ይቆማል። ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ ይሄ የማያጋጥማችሁ ኢኒትራምኤፍኤሱን ራሳቸው ስለሚያዘጋጁላችሁ ነው። ያለ እሱ መነሳት ከፈለጋችሁ እነዚህን ሁለቱን ቢልት-ኢን አድርጉ።

«ሞጁል በእጅ ካልተጫነ አይሠራም»፦ ውሸት፤ ዕቃው ሲሰካ ዩዴቭ የሚባለው ዕቃዎችን የሚከታተል ፕሮግራም መለያ ቁጥሩን አይቶ ራሱ ያስጭነዋል።

«ሞጁል ካለ ሰርጎ ገብ ይገባል»፦ ሞጁል ለመጫን መጀመሪያ የሩት (የዋና አስተዳዳሪ) ሥልጣን መያዝ አለበት። ያሳሰበው ሰው ዲጂታል ፊርማ የሌለው ሞጁል እንዳይጫን መከልከል ይችላል።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ማሽኑ ለመነሳት የግድ የማይፈልገውን ሁሉ ሞጁል አድርጉት። ዋይፋይ ከስሊፕ ሲመለስ ድርቅ ካለ በሞድፕሮብ ትእዛዝ ሞጁሉን ከከርነሉ አውጥታችሁ መልሳችሁ ትጭኑታላችሁ፤ ብዙ ጊዜ ሪስታርት አያስፈልግም። ቢልት-ኢን ቢሆን ይሄን ማድረግ አትችሉም።

ኮምፓይሉ ሳያልቅ መብራት እየሄደ ለተቸገራችሁ ደግሞ «ሜክ ሎካልሞድኮንፊግ» የሚባል ትእዛዝ አለላችሁ። አሁን የተጫኑትን ሞጁሎች ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ከዝርዝሩ ስለሚያወጣ ሥራው በጣም ያጥራል። ከዚያ በፊት ግን ፍላሹንም፣ ፕሪንተሩንም፣ የዩኤስቢ ሞደሙንም ሰካኩ፤ ያን ሰዓት ያልተጫነ ድራይቨር አዲሱ ከርነል ውስጥ አይኖርም። አዲሱ በደንብ መሥራቱን እስክታዩ ድረስም የድሮውን ከርነል ከግሩብ (ማሽኑ ሲነሳ ከርነል ከሚመረጥበት ሜኑ) ላይ እንዳታጠፉት።