«ኮሚዩኒቲ ፖሊሲንግ» በግቢ ውስጥ ምን ማለት ነው?

በዩኒቨርሲቲዎቻችን «ኮሚዩኒቲ ፖሊሲንግ» ሲባል ብዙ ተማሪ ሌላ ዓይነት ፖሊስ፣ አልፎም ወሬ አቀባይ ይመስለዋል። ቃሉ የሚያመለክተው ግን አሠራርን ነው፤ ይኸውም ተማሪው፣ ሠራተኛውና የአካባቢው ነዋሪ ከፖሊስ ጋር እየመከሩ ወንጀልን ሳይፈጸም የሚከላከሉበት መንገድ ነው። በዶርም የላፕቶፕ ስርቆት ከበዛ፣ በሩ ሳይቆለፍ የሚያድረውን ፎቅና አምፖሉ የተቃጠለበትን ኮሪደር ለይቶ ማስጠገን ዋናው ሥራ ነው፤ በእኔ እምነት ከሌሊት ዙረት ይልቅ የሚጠቅመውም ይኸው ነው።

የኮሚዩኒቲ ፖሊሲንግ ኮሚቴ አባልነት የፖሊስ ሥልጣን አያሰጥም። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 50 ከሦስት ወር በማያንስ ቀላል እስራት በሚያስቀጣ ወንጀል እጅ ከፍንጅ የተገኘን ሰው ማንኛውም ግለሰብ እንዲይዝ ቢፈቅድም፣ የያዘው ሰው ሳይዘገይ ለፖሊስ ማስረከብ አለበት። የኮሚቴ አባል የሆነ ተማሪም አባልነቱ ብቻውን የክፍል ጓደኛውን ሎከር የመፈተሽ መብት አይሰጠውም።