ሙራባሃ ምንድን ነው?

ሙራባሃ ሻጩ ዕቃውን ስንት እንደገዛና ስንት ትርፍ እንደጨመረበት ለገዢው ገልጾ የሚሸጥበት ውል ነው። ከወለድ ነፃ ባንክ ሲሠራበት ዕቃውን ራሱ ይገዛና ለደንበኛው በዱቤ ይሸጥለታል።

ባንክ፣ መደበኛም ሆነ ከወለድ ነፃ፣ ለኢኮኖሚው የሚሠራው ሥራ አንድ ነው፤ ገንዘብ ከተረፈው ሰብስቦ ለጎደለው ያደርሳል። የፎገራ ገበሬ ሩዙን ሸጦ ብር በያዘበት ሰሞን፣ ጣና ዳር በመስኖ ሽንኩርት የሚያለማው የውሃ ፓምፕ መግዣ ያጣል። መደበኛው ባንክ ለአንዱ ወለድ ከፍሎ፣ ከሌላው በለጥ ያለ ወለድ ተቀብሎ ሁለቱን ያገናኛል። በ2010 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ሲያሳድግ ቆጣቢውን ለመሳብ ነበር። ወለድ በእምነቱ የተከለከለበት ሰው ግን ይህ አይስበውም። ወይ ብሩን ቤቱ ያኖራል፣ ወይ «ወለዱን ተዉት» ብሎ ያስቀምጣል፤ ሲቸግረው ደግሞ አይበደርም። ለዚህ ሰው መጀመሪያ በመደበኛ ባንኮች ውስጥ ልዩ መስኮት፣ ማለትም ከወለድ ነፃ አገልግሎት የሚሰጥ ክፍል፣ ተከፈተ፤ ከ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ደግሞ ዘምዘምና ሂጅራን የመሰሉ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች ሥራ ጀመሩ።

ለምሳሌ ፓምፑ 80,000 ብር ነው እንበል። መደበኛ ባንክ በዓመት 18 በመቶ፣ በ12 ወር እኩል ክፍያ ቢያበድር በየወሩ 7,334 ብር ገደማ ይከፈላል። ከወለድ ነፃው ባንክ 8,000 ብር ትርፍ ጨምሮ በ88,000 ቢሸጥ የወሩ ክፍያ 7,333 ብር ይሆናል። ብዙዎች እዚህ ላይ «ታዲያ ስሙ ነው እንጂ ምኑ ተለየ?» ይላሉ። በወርሃዊ ክፍያው ብቻ ከታየ እውነታቸውን ነው። ልዩነቱ ያለው ፓምፑ ለጥቂት ጊዜም ቢሆን የባንኩ ንብረት በመሆኑ ላይ ነው። በዚያች ጊዜ ቢሰበር ወይም ቢሰረቅ ኪሳራው የባንኩ ነው፤ ትርፉንም የሚፈቅድለት ይህ ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ አይዛነፍም። ደንበኛው ከአስመጪው ወይም ከሱቁ ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ያመጣና ዕቃውን ከባንኩ እንደሚገዛ ቃል ይገባል። ባንኩ ገንዘቡን በቀጥታ ለሻጩ ከፍሎ ዕቃውን ይረከባል። የሽያጩ ውል የሚፈረመው ከዚህ በኋላ ነው።

ነገሩ የሚበላሸውም እዚሁ ላይ ነው። ደንበኛው ዋጋው እንዳይጨምርበት ቸኩሎ ዕቃውን ቀድሞ ከገዛ ባንኩ የሚሸጥለት ነገር የለም። ፕሮፎርማው ከራሱ ሱቅ ከሆነ የራሱን ዕቃ መልሶ መግዛቱ ነው፤ ይህ በሽያጭ የተሸፋፈነ የብር በብር ልውውጥ ነው። ባንኩ ደንበኛውን ወኪሉ አድርጎ «አንተው ግዛልኝ» ሲለው፣ ደንበኛውም የግዢውንና የሽያጩን ወረቀት በአንድ ጊዜ ሲፈርም ደግሞ ርክክቡ ተዘሏል፤ የቀረው በወረቀት የታጀበ ብድር ነው። የባንኩ የሸሪዓ አማካሪዎች ፋይል ሲመረምሩ መጀመሪያ የሚያስተያዩት የግዢውንና የሽያጩን ቀኖች ነው።

ዋጋው አንዴ ከታሰረ ሽንኩርቱ ረክሶ ክፍያው ቢዘገይም 88,000ው አይጨምርም። ባንኩ የዘገየበትን ቢቀጣ እንኳ ቅጣቱ ለበጎ አድራጎት ይውላል እንጂ ከባንኩ ገቢ አይገባም። በሌላ በኩል ቀድሞ የሚከፍል ሰው መደበኛ ባንክ ዘንድ የቀሪ ወራቱ ወለድ ይቀርለታል፤ በሙራባሃ ቅናሽ ማድረግ የባንኩ ፈቃድ ነው፣ በውሉም አስቀድሞ ሊሰፍር አይችልም። መያዣ ግን ሁለቱም ይጠይቃሉ፤ «ከወለድ ነፃ» ማለት «ከመያዣ ነፃ» ማለት አይደለም።

ሙራባሃ የሚሸጥ ዕቃ ስለሚፈልግ ለአራሚና ለለቃሚ የቀን ሠራተኛ ክፍያ አይሆንም። በዚህ በኩል መደበኛ ብድር ይበልጠዋል። ለእንዲህ ያለው ጉድለት ሰለም የሚባል ውል አለ፤ ባንኩ የምርቱን ዋጋ ሙሉ በሙሉ ቀድሞ ይከፍላል፣ ገበሬውም ዓይነቱና ጥራቱ በተጻፈ መሠረት በተቆረጠው ቀን ያስረክባል። ለፎገራ ሩዝ የተሰፋ ይመስላል። ችግሩ ባንኩ ብሩን የለመደ መሆኑ ነው፤ ቀኑ ሲደርስ ሩዙን ተረክቦ የሚያኖርበት መጋዘንና የሚሸጥለት ሰው ያስፈልገዋል።