«ሜሪ ክሪስማስ» ወይስ «ሃፒ ሆሊደይስ»? አሜሪካኖች በዲሴምበር ምን ይባባላሉ

አሜሪካ ውስጥ ከታንክስጊቪንግ (በኖቬምበር መጨረሻ ከሚውለው የምስጋና በዓል) እስከ አዲስ ዓመት ባሉት ሳምንታት ሰው በደረቁ «ቻው» ተባብሎ አይለያይም። ገንዘብ ተቀባይዋም፣ ፖስተኛውም፣ የቢሮ ጓደኛም አንድ ነገር ጣል ያደርጋሉ። አንዱ «ሜሪ ክሪስማስ» ይላል። መልካም ገና ማለት ነው፤ በዓሉን በስሙ ይጠራዋል። ሌላው «ሃፒ ሆሊደይስ» ይላል። መልካም በዓላት ማለት ነው፤ የማን በዓል እንደሆነ አይናገርም። «ሲዝንስ ግሪቲንግስ» የሚባል ሦስተኛም አለ። እሱ ግን የካርድ ቋንቋ ነው፤ በአፍ ሲባል ብዙም አይሰማም።

ከእነዚህ አንዱን መምረጥ ለእንግዳ ሰው የሚያስጨንቅ ነገር አይመስልም። አሜሪካኖች ግን ከዚህ ሱቅ አንገዛም ብለው አድመውበታል፣ ሕግ አውጥተውበታል፣ የምርጫ ቅስቀሳ አድርገውበታል። ቀረብ ብሎ ላየው ጸቡ የሁለት ሰዎች ጸብ አይደለም። ጎረቤት ለጎረቤቱ የፈለገውን ቢል የሚቀየም ጥቂት ነው። ነገሩ የሚከረው የማያውቀውን ሕዝብ በአንድ ቃል ሰላም ማለት ያለበት አካል ሲመጣ ነው፦ ትልቁ ሱቅ፣ ማዘጋጃ ቤቱ፣ ዋይት ሐውስ።

(ሁለት ነገር እናጥራ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ሁለተኛ፣ መዝገበ ቃላት የእነሱን «ዊንተር» ክረምት ብሎ ይተረጉመዋል። የእኛ ክረምት ሐምሌና ነሐሴ ነው፣ ዝናብና ጭቃ። እዚህ የምናወራው ቀኑ አጥሮ በአሥር ሰዓት ተኩል ስለሚጨልምበት ብርድ ነው።)

በዓላቱ

ዋናው ገና ነው፤ ዲሴምበር 25። ፕሬዚዳንት ዩሊሲስ ግራንት በ1870 በፈረሙት ሕግ የፌዴራል በዓል ሆኗል። ክርስቲያን ያልሆነውም ብዙ ሰው ዛፍ ያቆማል፣ ስጦታ ይለዋወጣል። ፒው የምርምር ማዕከል በ2017 ባደረገው ጥናት ከአሥር አሜሪካውያን ዘጠኙ ገናን እንደሚያከብሩ ተናግረዋል። እንደ ሃይማኖት በዓል የሚያከብሩት ግን ከጠቅላላው 55 በመቶ ነበሩ።

አይሁዶች ሃኑካን ያከብራሉ። ስምንት ቀን ነው፤ በየምሽቱ አንድ መብራት እየጨመሩ ያበራሉ። በጨረቃ አቆጣጠር ስለሚሄድ ቀኑ ይንሸራተታል። በ2013 ከታንክስጊቪንግ ጋር ገጥሞ ነበር፣ በ2024 ደግሞ የጀመረው በዲሴምበር 25 ምሽት ነው። በአይሁድ ሃይማኖት ውስጥ ከትልልቆቹ በዓላት አይቆጠርም። አሜሪካ ውስጥ የገነነው የገና ጎረቤት ስለሆነ ነው። በነገራችን ላይ ቤተ እስራኤል ኢትዮጵያ ሳሉ ሃኑካን አያከብሩም ነበር፤ ያወቁት ኋላ ነው።

ኳንዛ ከዲሴምበር 26 እስከ ጃንዋሪ 1 ይቆያል። የሃይማኖት በዓል አይደለም። ማውላና ካሬንጋ የተባሉ ምሁር በ1966 ለጥቁር አሜሪካውያን የጀመሩት ነው። ስሙም «የመጀመሪያ ፍሬዎች» ከሚል የስዋሂሊ አባባል የተወሰደ ነው።

የአሜሪካ ፖስታ ቤት ቴምብሮች ይህን አሰላለፍ ደህና አድርገው ያሳያሉ። የመጀመሪያው የገና ቴምብር የወጣው በ1962 ነው። የሃኑካ በ1996፣ የኳንዛ በ1997፣ የዒድ በ2001 ተከተሉ። ፖስታ ቤቱ የጋራ የሆነ አንድ ቃል ከመፈለግ ይልቅ ለየበዓሉ አንድ አንድ ቴምብር አወጣ። ለብልኅ ሰው የሚበቃ መፍትሔ ነበር፤ ግን ገንዘብ ተቀባይዋ ለእያንዳንዱ ደንበኛ አራት ዓይነት ሰላምታ መደርደር አትችልም።

የቃሎቹ ዕድሜ

«ሜሪ ክሪስማስ» በጽሑፍ ቀድሞ ከተገኘባቸው ቦታዎች አንዱ ጳጳሱ ጆን ፊሸር በ1534 ለእንግሊዝ ንጉሥ ሹም ለቶማስ ክሮምዌል የጻፉት ደብዳቤ ነው። ጳጳሱ በወቅቱ ለንደን እስር ላይ ነበሩ። በ1843 ሄንሪ ኮል የተባለ እንግሊዛዊ ለሽያጭ የቀረበውን የመጀመሪያውን የገና ካርድ አሳተመ። በላዩም መልካም ገናና መልካም አዲስ ዓመት ተመኘ። ሰላምታው ከዚያ ወዲህ በካርድ ላይ ጸንቶ ቀረ።

አሜሪካ ውስጥ ገናን በሕግ የከለከሉ ነበሩ። አምላክ የለሾች እንዳይመስሏችሁ። የማሳቹሴትስ ፒዩሪታኖች ናቸው፤ አጥባቂ ክርስቲያኖች። ገና በመጽሐፍ ቅዱስ አልታዘዘም፣ የስካርና የጭፈራ ሰበብ ነው ብለው በ1659 ሲያከብር የተገኘን አምስት ሽልንግ ቀጡ። ሕጉ የተነሳው በ1681 ነው።

«ሃፒ ሆሊደይስ»ም ቢሆን የትናንት ፈጠራ አይደለም። «ሆሊደይ» የሚለው ቃል ራሱ «ቅዱስ ቀን» ከሚል ጥንታዊ እንግሊዝኛ የመጣ ነው። ሃይማኖት የለውም የሚባለው ሰላምታ ውስጡ ሲገለጥ ቅዳሴ ይሸታል። «ኤክስማስ» (Xmas) የሚለው አጻጻፍም እንዲሁ ነው። ክርስቶስን ሰረዙት እየተባለ ይወገዛል እንጂ ያቺ X የክርስቶስ ስም በግሪክ የሚጀምርባት ፊደል ናት። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወርም በ1953 በላኩት የዋይት ሐውስ ካርድ ላይ የተጻፈው «ሲዝንስ ግሪቲንግስ» ነበር። የዚያን ጊዜ ማንም ጉዳዬ አላለውም።

ጭቅጭቁ

ገናን ሊያጠፉብን ነው የሚለው ስሞታም አርጅቷል። በ1920ዎቹ መጀመሪያ የመኪና አምራቹ የሄንሪ ፎርድ ጋዜጣ በአይሁዶች ላይ ባወጣው ተከታታይ የጥላቻ ጽሑፍ ውስጥ፣ የልደቱን ነገር የሚያነሳ ካርድ ጠፋ ብሎ አማሯል። በ1959 ጆን በርች ሶሳይቲ የተባለው ቀኝ ዘመም ማኅበር ኮሚኒስቶች ገናን ሊነጥቁን ነው የሚል በራሪ ጽሑፍ በተነ። ጥርጣሬው አንድ ነው፤ በየዘመኑ የሚቀየረው ተጠርጣሪው ነው።

ዛሬ የምናውቀው ጭቅጭቅ የጋለው በ2005 ነው። የቴሌቪዥን ጣቢያው የፎክስ ኒውስ አቅራቢዎች፣ በተለይ ቢል ኦራይሊ፣ «በገና ላይ ጦርነት ተከፍቷል» የሚለውን ወሬ ሌት ተቀን አስተጋቡ። የክርስቲያን ማኅበራት በማስታወቂያቸው ላይ «ክሪስማስ» የሚል ቃል የማያወጡ ሱቆች ላይ አድማ ጠሩ። የአሜሪካ ምክር ቤት በሚሰበሰብበት በካፒቶል ደጃፍ የሚቆመው ዛፍ ለዓመታት «የበዓል ዛፍ» ሲባል ኖሮ በዚያው ዓመት በአፈ ጉባኤው በዴኒስ ሃስተርት ትእዛዝ «የገና ዛፍ» ተብሎ ተመለሰ። ጆርጅ ቡሽ እንኳን አልቀረላቸውም። የዚያ ዓመት ካርዳቸው የመዝሙረ ዳዊት ጥቅስ ነበረበት። ይሁንና «ክሪስማስ» የሚለው ቃል ስለሌለበት የራሳቸው ደጋፊዎች ተቆጧቸው። በ2006 ትልቁ የሱቅ ኩባንያ ዎልማርት እጁን ሰጥቶ ወደ «ክሪስማስ» ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ዓመታዊ ሆነ። በ2015 የቡና መሸጫው ስታርባክስ የበረዶና የአጋዘን ሥዕል የሌለበት ባዶ ቀይ ኩባያ አወጣ። ኩባያው ላይ መጀመሪያውኑ ሃይማኖታዊ ነገር ኖሮበት አያውቅም፤ ቢሆንም ገናን ጠሉ ተባለ። ዶናልድ ትራምፕ በ2016 ምርጫ «ሜሪ ክሪስማስ» እንደገና እንላለን ብለው ቀሰቀሱ። ከእሳቸው በፊት የነበሩት ኦባማ ዛፉ በሚበራበት ሥነ ሥርዓት ላይ ቃሉን ያለምንም ችግር ይሉት ነበር። ቪዲዮው አለ። ግን እንዲህ ያለ ክርክር በቪዲዮ አያልቅም።

እንግሊዝም የራሷ ታሪክ አላት። የበርሚንግሃም ከተማ በ1997 እና በ1998 የወቅቱን ዝግጅቶች አንድ ላይ ጠቅልላ «ዊንተርቫል» አለቻቸው። ገናም ከነስሙ ከውስጡ ነበር። ጋዜጦች ግን ከተማዋ ገናን በሌላ ስም ተካች ብለው ለዓመታት ጻፉ። ዴይሊ ሜይል ማረሚያ ያወጣው በ2011 ነው።

ሕጉ

አንድ አሜሪካዊ «ሜሪ ክሪስማስ» እንዳይል የሚከለክል ሕግ የለም። ሕግ የሚመጣው መንግሥት ሲናገር ነው። ሕገ መንግሥቱ መንግሥት ሃይማኖት እንዳያቋቁም ይከለክላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1984 የፖተኬት ከተማ ያቆመችውን የበረት ልደት ትዕይንት ፈቀደ፤ ምክንያቱም አጠገቡ የገና አባትና አጋዘኖች ነበሩ። በ1989 ደግሞ ፒትስበርግ ፍርድ ቤት ውስጥ ብቻውን የቆመውን ትዕይንት ከለከለ። በዚያው መዝገብ ከገና ዛፍ ጎን የቆመውን የሃኑካ መቅረዝ ፈቀደ። ቀልደኞች «የፕላስቲክ አጋዘን ሕግ» ይሉታል። ጎን ላይ አጋዘን ካለ ያልፋል እንደማለት ነው።

ቴክሳስ በ2013 መምህራን ተማሪዎችን የበዓል ሰላምታ ማለት እንዲችሉ የሚፈቅድ ሕግ አወጣች። «የሜሪ ክሪስማስ ሕግ» ይባላል። ሲነበብ ግን «ሃፒ ሃኑካ» እና «ሃፒ ሆሊደይስ» የሚሉትም ተዘርዝረውበታል።

ሰዉ ምን ያደርጋል

ያው የፒው የ2017ቱ ጥናት ሱቆች ምን ቢሉ ትመርጣላችሁ ብሎ ጠይቆ ነበር። 52 በመቶው ለኔ ለውጥ የለውም አሉ። 32 በመቶው «ሜሪ ክሪስማስ»ን፣ 15 በመቶው «ሃፒ ሆሊደይስ»ን የመሰሉ ሰላምታዎችን መረጡ። ጫጫታው የሁሉም አይደለም።

በተግባር ያለው ልማድ ቀላል ነው። የሰውየውን በዓል ካወቅህ በስሙ ጥራው። ካላወቅህ ሰፊውን ቃል ተጠቀም። አንዱ የራሱን ቀድሞ ካለህ ያንኑ መልስለት። ቸኩሎ መገመት ግን ያሳፍራል። በ2013 ሃኑካ ያለቀው በዲሴምበር 5 ነበር። በገና ዋዜማ ለአይሁድ ባልደረባው «ሃፒ ሃኑካ» ያለ ሰው፣ ፋሲካ ካለፈ በሦስተኛው ሳምንት «እንኳን ለፋሲካ» እንደማለት ነው የሆነበት። የይሖዋ ምሥክር ደግሞ ገናንም ሃኑካንም ስለማያከብር «መልካም ቀን» ይበቃዋል።

የእኛ ሰው እዚያ

አሜሪካ ለሚኖር የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ አማኝ ሁለቱም ሰላምታ ልክ አይመጣለትም። «ሜሪ ክሪስማስ» ሲባል እሱ ጾመ ነቢያት ላይ ነው። ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ እየጾመ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ግብዣ ላይ ቂቤ ያለበት ኬክ ሲቀርብለት ፈገግ ብሎ ያልፋል። የእሱ ልደት ጃንዋሪ 7 ነው። «የፈረንጅ ገና» የሚለው አነጋገር እዚያ ከኢትዮጵያም ይበልጥ ያገለግላል። ልጆች ያሉት ቤት ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ያከብራል፤ ዛፉና ስጦታው በዲሴምበር፣ ዶሮው በጃንዋሪ። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ አሠሪ ለሠራተኛው ሃይማኖታዊ በዓል፣ ከባድ ጫና እስካልሆነበት ድረስ፣ እንዲያመቻችለት ስለሚያዝ ለጃንዋሪ 7 ፈቃድ መጠየቅ ያስኬዳል። የሚከብደው ማስረዳቱ ነው። «ገና አላለፈም እንዴ?» የሚል አለቃ አይጠፋም።

አማርኛ ይህን ጣጣ እንዴት አለፈው የሚለው ደግሞ ለብቻው ደስ የሚል ነገር ነው። «እንኳን አደረሰህ» ስንል ያደረሰው ማን እንደሆነ አንጠራም። ባለቤቱ የማይነገር ግሥ ነው፤ ማን እንደሆነ ግን ሁሉም ያውቃል። ክርስቲያኑ ለሙስሊሙ «ለዒድ አል ፈጥር እንኳን አደረሳችሁ» ይላል፣ ሙስሊሙም ለልደት እንደዚሁ። ማንም ሃይማኖቱን አልለቀቀም። የእንግሊዝኛው ሰላምታ ለሚመጣው ቀን ምኞት ነው። የእኛው በሕይወት ለዚህ ቀን ስለደረስክ ደስ አለኝ ማለት ነው። ስለ ሰውየው እንጂ ስለ በዓሉ ባለቤትነት አያወራም። መልሱም «እንኳን አብሮ አደረሰን» ነው።

ጃንዋሪ 7 ሲደርስ የአሜሪካ ከተሞች ወደ ሥራ ተመልሰዋል። በየእግረኛ መንገዱ ዳር የደረቁ የገና ዛፎች ቆሻሻ መኪናውን ይጠብቃሉ። ሱቆቹ የቫለንታይን ቸኮሌት ደርድረዋል። ነጠላ ለብሶ ሌሊቱን ማሕሌት ያደረ ሰው ንጋት ላይ ቡና ሲገዛ፣ ገንዘብ ተቀባይዋ የምትለው «ሃቭ ኤ ናይስ ዴይ» ብቻ ነው።