ጎውሪ አማ፦ የኬረላን ጭሰኛ ባለመሬት ያደረጉት ፖለቲከኛ

ኬረላ በሕንድ ደቡብ ምዕራብ ጠረፍ ያለች ክልል ናት። ድሮ እኛ አገር ሒሳብና ሳይንስ ያስተማሩ ብዙ ሕንዳውያን መምህራን የመጡት ከዚያ ነው። የክልሏ ፖለቲካ ሲነሳ ኬ. አር. ጎውሪ አይዘለሉም። ሕዝቡ ጎውሪ አማ ይላቸዋል።

የተወለዱት በ1919 ነው (ዓመቶቹና ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው)፤ አላፑዛ አካባቢ። ወገኖቻቸው ኤዛቫዎች በዘር ተዋረዱ ዝቅ ተደርገው የሚታዩ ነበሩ። ከእነሱ መካከል በሕግ የተመረቀች የመጀመሪያዋ ሴት እሳቸው ናቸው። ኮሚኒስት ፓርቲ ገቡ፤ ታሰሩ፣ ተደበደቡም።

በ1957 ኮሚኒስቶች በኬረላ በምርጫ ሥልጣን ያዙ። በዓለም ላይ ብዙም ያልታየ ነገር ነበር። ጎውሪ አማ የገቢዎች ሚኒስትር ሆኑ፤ መሬትም በዚሁ ቢሮ ሥር ነው። መንግሥቱ ሳምንት ሳይሞላው ጭሰኛን ከመሬቱ ማፈናቀል የሚከለክል ድንጋጌ ወጣ። ቀጥሎ የመጣው የመሬት ሕግ ባለርስቶቹን አስቆጣ። መንግሥቱ የግል ትምህርት ቤቶችን ለመቆጣጠር ባወጣው የትምህርት ሕግ የተከፉት ቤተ ክርስቲያኗና ሌሎችም ተቃውሞውን ተቀላቀሉ። አገር ምድሩ ተናወጠ። ሐምሌ 31 ቀን 1959 ዴልሂ ያለው የሕንድ ማዕከላዊ መንግሥት የኬረላን መንግሥት አፈረሰው።

በ1967 ወደዚያው ወንበር ተመለሱ። የተሻሻለው የመሬት ሕግ ሥራ ላይ የዋለው ከጥር 1 ቀን 1970 ጀምሮ ነው፤ ያኔ እንኳ መንግሥታቸው ወድቆ ነበር። ጭሰኝነት ቀረ። በሰው መሬት ላይ ጎጆ ቀልሶ የሚኖር ድሃም በጎጆው ዙሪያ ያለውን ቦታ የመግዛት መብት አገኘ። ገጠር ከሆነ እስከ 400 ካሬ ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ከተማ ውስጥ ያነሰ ነው። ሕጉ እንከን አልነበረውም ማለት ግን አይደለም። ትልልቆቹ የሻይና የጎማ እርሻዎች አልተነኩም። ዳሊት (ከዘር ተዋረዱ ከሁሉም በታች ተደርገው የሚታዩ) የቀን ሠራተኞችም በአብዛኛው የቤት ቦታ እንጂ የሚያርሱት ማሳ አላገኙም።

ፓርቲው ትዳራቸውንም ነክቷል። በ1957 ያገቡት የካቢኔ ባልደረባቸውን ቲ. ቪ. ቶማስን ነበር። በ1964 ፓርቲው ለሁለት ሲሰነጠቅ ባል በአንዱ፣ ሚስት በሌላው ቀሩ። በ1967 ሁለቱም ሚኒስትር ሆነው አንድ ካቢኔ ውስጥ ተቀመጡ፤ በሁለት ፓርቲ ስም። ትዳሩ ግን አልዘለቀም።

በ1987 ምርጫ ግራ ዘመሙ ጥምረት ሲቀሰቅስ «ኮኮናት በሞላባት ኬረላ፣ ኬ. አር. ጎውሪ ይምሩ» ይባል ነበር። ጥምረቱ አሸነፈ፤ ርዕሰ መስተዳድር የሆኑት ግን ኢ. ኬ. ናያናር ናቸው። ለጎውሪ አማ የኢንዱስትሪ ሚኒስቴር ደረሳቸው። ግትር ናቸው የሚል ወቀሳ ይሰማ ነበር። ያው ወንድ ቢሆን ቆራጥ ይባል ነበር። ኬረላ እስካሁን ሴት ርዕሰ መስተዳድር አላየችም።

በ1994 ፓርቲው አባረራቸው። በ75 ዓመታቸው አካባቢ የራሳቸውን ፓርቲ አቋቋሙ። ከዚያ አልፈው በ1959 ዴልሂ ላይ ሆኖ መንግሥታቸውን ካስወረደው የኮንግረስ ፓርቲ ጋር ተጣመሩ፤ ከ2001 እስከ 2006 የግብርና ሚኒስትር ሆኑ። በ2006 ተወዳድረው ተሸነፉ። በ2011 በ91 ዓመታቸው እንደገና ቀረቡ፤ አልቀናቸውም። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከድሮ ጓዶቻቸው ጋር ታርቀው፣ በ2019 100ኛ ልደታቸው ሲከበር የድሮ ፓርቲያቸው ሰው የሆኑት የያኔው ርዕሰ መስተዳድር ፒናራዪ ቪጃያን አላፑዛ ድረስ ሄደዋል። በ2021 በ101 ዓመታቸው አረፉ።